የኪነት ቤት በእድር ሥርዓት

ትንሽ ከተማ ውስጥ «ኪነት ቤት እናቋቁም» የተባለ ዕለት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው ወረቀት ነው። ፕሮፖዛል ይጻፋል፣ ራዕይና ተልዕኮ ይደረደራል፣ በጀቱ ሰባት አኃዝ ይደርሳል፣ ከዚያ ለረጂ ድርጅት ይላካል። መልሱ ሲጠበቅ ክረምቱ ይገባል። ቲያትር ሊሠሩ ከተሰበሰቡት ልጆች ግማሾቹ ዩኒቨርሲቲ ይመደባሉ፣ ግማሾቹ ባጃጅ ይይዛሉ። ያው ከተማ ግን በዚያው ዓመት አዲስ ድንኳን ገዝቷል፣ አግዳሚ ወንበር አሟልቷል፣ ትልልቅ ብረት ድስት አስመጥቷል፣ ሐዘንተኛ አስተዛዝኗል። ማንም ፕሮፖዛል አልጻፈለትም። በእድር ነው የሠራው።

እንግዲህ ከተማው ማዋጣት አያቅተውም። የሚያቅተው ለማያየው ነገር ማዋጣት ነው። እድር የሚሠራው መዋጮው ትንሽ፣ ቀኑ የታወቀ፣ ንብረቱ በዓይን የሚታይ ስለሆነ ነው፤ የቀረ ይቀጣል፣ የቸገረው ደግሞ ድንኳኑ ደጁ ላይ ይተከልለታል። ለኪነት ቤትም ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላውቅም። ሀገር ፍቅር ቲያትርም እኮ በ1927 ዓ.ም. ሲነሣ ማኅበር ሆኖ ነው የተነሣው። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ የነበሩት የኪነት ቡድኖችም ብዙ ባለሙያ አፍርተዋል፤ የወሎው ላሊበላ ኪነት ስሙ እስካሁን ይነሣል። የቀበሌው ትእዛዝና በጀት ሲቆም ግን ብዙዎቹ የቀበሌ ቡድኖች አብረው ቆሙ፤ ክራሩና ማሲንቆው የጽሕፈት ቤቱ ንብረት እንጂ የነዋሪው አልነበረማ።

ክፍሉ ይቅደም፣ ቤቱ ይደርሳል

ቤት ለመሥራት አትቸኩሉ። ቢያንስ ስድስት ወር በትውስት ክፍል ሥሩ። ብዙ ከተሞች ውስጥ የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል አለ፤ አንድ የፑል ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይታያል፣ ከኋላ ደግሞ የተቆለፈ ክፍል አይጠፋም። የቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ከሌለበት ቀን ባዶውን ይውላል። ትምህርት ቤት ቅዳሜና እሑድ ባዶ ነው። የእድር ዕቃ ቤትም ድንኳኑ በአንድ ወገን ከተደረደረ ሃያ ልጅ ይይዛል።

ደብዳቤው ላይ «ለኪነ ጥበብ ሥራ እንዲፈቀድልን» ብላችሁ አታቁሙ። «ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት፣ ለሦስት ወር» በሉ። ኃላፊ የሚፈራው ጥያቄውን ሳይሆን መጨረሻ የሌለውን ጥያቄ ነው። ቁልፉን ማን እንደሚረከብ፣ መስታወት ቢሰበር ማን እንደሚተካ፣ ማን እንደሚጠርግ ሦስት ሰዎች በስማቸው ይፈርሙበት። የድጋፍ ደብዳቤውን ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስጽፉ። ፈቃዱ ሲሰጣችሁም ቁጥርና ማኅተም ያለበት ይሁን፤ የቃል ፈቃድ ኃላፊው በተዛወረ ማግስት ይሞታል።

የራሳችሁን ቤት የምትሠሩበት ጊዜ ሲመጣ ከመቆፈር በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ የከተማውን ፕላን እዩ። መንገድ የሚያልፍበት ቦታ ላይ የተዋጣ ቆርቆሮ መስቀል ሕዝቡን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ሲፈርስ በውጭ አገር ጭምር ስም ያለው ፈንዲቃ የባህል ማዕከል እንኳ ከነበረበት ተነሥቷል። ትንሽ ከተማም ዛሬ ኮሪደር ልማት የሚባል ቃል ያውቃል። ቦታው የእድር ከሆነ ለስንት ዓመት እንደተሰጠ፣ ቡድኑ ቢበተን ሕንፃው ለማን እንደሚሆን በቃለ ጉባኤ ይስፈር። «እኛው ለእኛው» እየተባለ የሚታለፈው መስመር ነው በኋላ ሽማግሌ የሚያስቀምጠው።

ሃምሳ ስድስት ቆርቆሮ

ለትንሽ ከተማ 6 በ10 ሜትር የሆነ አንድ አዳራሽ ይበቃል። ከዚያ ላይ ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው መድረክ ብትወስዱለት 42 ካሬ ሜትር ይቀራል፤ መተላለፊያውና የበሩ ፊት ሲቀነስ 35። አግዳሚ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግማሽ ካሬ ሜትር ስጡት፣ ሰባ ሰው ይገባል ማለት ነው። ሰባ ሰው ሞልቶ ውጭ የቆመ ያለበት ትርኢት፣ ሦስት መቶ በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ መቶ ሰው ካየው ትርኢት ይበልጣል። ሁለተኛውን ያየ ሰው ከተማውን ሁሉ «ሰው የለም» ብሎ ያዳርሳል።

አሁን ጣሪያውን ቁጠሩ። ቤቱ በሁለት ወገን የሚያፈስ ክዳን አለው እንበል፤ ክዳኑ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ቁልቁለቱ ደህና ከሆነ በአንድ ወገን ከላይ እስከ ታች ወደ 3.80 ሜትር ይሆናል። ባለ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ ሁለቱን 17 ሳንቲ ሜትር ያህል አደራርባችሁ ብትመቱ ልክ ይመጣል። በርዝመቱ 11.20 ሜትር ነው፤ አንዱ ቆርቆሮ ጎኑ ሲደረብ 80 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል ብለን 14 ረድፍ። 14 ረድፍ፣ በየረድፉ ሁለት፣ በሁለት ወገን፦ 56። አራት ለብልሽት ጨምሩና 60 ግዙ፤ ለሕዝብ የምትናገሩት ግን 56 ይሁን።

ምክንያቱም ቁጥሩ ራሱ ነው የሚለምንላችሁ። «ለኪነት ቤት እርዱን» ብሎ በር ለበር መዞር ጫማ መጨረስ ነው። «ጋሼ፣ ሃምሳ ስድስት ቆርቆሮ ያስፈልገናል፣ ሠላሳ አንዱ ተገኝቷል፤ እርስዎ አንዱን ይያዙልን» ሲባል ግን ሰው መልስ ያገኛል። አንዱን ይይዛል፣ ወይ ከጎረቤቱ ጋር ለሁለት ይይዛል፣ ወይም «እስኪ ወር ሲወጣ ኑ» ይላል። ይኼም መልስ ነው፤ ቀኑን ጻፉት። በአንድ የኮምፔርሳቶ ቁራጭ ላይ 56 ባዶ ሳጥን ሥላችሁ ሰው የሚበዛበት ቦታ ስቀሉት፤ አንድ ቆርቆሮ በተገኘ ቁጥር ከቡድኑ ልጆች አንዱ መጥቶ አንዱን ሳጥን ይቀባዋል። ሰሌዳውን ለመስቀል ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ወፍጮ ቤት ነው። እዚያ ሰው ተራ ይጠብቃል፣ ያነባል፣ ይወያያል፣ ማን እንዳልሰጠም ያስታውሳል።

በዓይነት ስትቀበሉ ተጠንቀቁ። ሰው ከቤቱ የተረፈውን ሲሰጥ ቆርቆሮው ባለ 28ም ባለ 35ም ጌጅ ይሆናል፤ ሞገዱ የማይገጥም ቆርቆሮ ተደራርቦ ሲመታ ክፍተት ይተዋል፣ ሐምሌ ላይ መድረኩ ላይ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ለጣሪያ የአንዱን ቆርቆሮ ዋጋ ተቀበሉና ሁሉንም ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን ግዙ። ባለ ሱቁ ስልሳ ሲሸጥ የሚያደርገው ቅናሽ የእሱ መዋጮ ተብሎ ሰሌዳው ላይ ይጻፍለት። ያረጀ ቆርቆሮ ለአጥርና ለሽንት ቤት ይሁን። ሲሚንቶ በስጦታ ሲመጣ ከረጢቱን በእጅ ጨብጡት፤ ውስጡ ከጠጠረ ለወለል አይሆንም። የመጣውን ሁሉ የሚረከብ አንድ የታወቀ ሰው ይኑር፣ እንደ መንግሥት ንብረት ክፍል ሞዴል 19 ዓይነት ደረሰኝ ይቁረጥ። አሥር ባሕር ዛፍ ሰጥቶ ስሙ ሳይጻፍ የቀረ ሰው አሥራ አንደኛውን አይሰጥም።

ገንዘቡ የሚያልፍበት እጅ

ገንዘብ ያዡ ገንዘብ ይይዛል፣ መዝገብ አይጽፍም። ሒሳብ ሹሙ መዝገብ ይጽፋል፣ ገንዘብ አይነካም። ሦስተኛው፣ ተቆጣጣሪው፣ ከሁለቱ ጋር ዝምድና የሌለው ሰው ይሁን፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ ካለ ሳትለቁ ያዙት። የባንክ ሒሳቡ ሦስት ፈራሚ ይኑረው፣ ሁለቱ ካልፈረሙ አይውጣ።

እዚህ ላይ ችግር ይመጣል፤ ባንኩ «ሕጋዊ ሰውነታችሁ የት አለ?» ይላል። በዚህን ጊዜ «ለጊዜው በእገሌ ስም እንክፈት» የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ አትበሉ። እገሌ ቢታመም፣ ቢሞት ወይም ከሚስቱ ጋር ቢካሰስ ገንዘቡ የእገሌ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በራስ መመዝገብ ነው፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ቢያንስ ሁለት መሥራቾች ያስፈልጋሉ፣ ዓመታዊ ሪፖርት ግን ይጠየቃል፣ የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ሁለተኛው አዋጁ በማይመለከተው እድር ጥላ ሥር መግባት ነው፤ እድሩ ሒሳብ አለው፣ ማኅተም አለው፣ እምነት አለው። ለመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። እድሩ ለእናንተ ብቻ የሚሆን የተለየ ሒሳብ በስሙ ይክፈትና ከፈራሚዎቹ አንዱ ከቡድናችሁ ይሁን። የቀብር ገንዘብና የቲያትር ገንዘብ አንድ ሒሳብ ውስጥ ከተቀላቀሉ የመጀመሪያው ክፉ ቀን ሁለቱንም ያጣላል።

ደረሰኙ ሦስት ቅጠል ይሁን፦ ለከፋዩ፣ ለሒሳብ ሹሙ፣ ጥራዙ ላይ የሚቀር። ተራ ቁጥሩ ሲታተም አብሮ ይታተም። ማን ከስንት እስከ ስንት ቁጥር እንደወሰደ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ይኑር፤ ጥራዝ ከጠፋ ቁጥሩን በዚያው ቀን ለሕዝብ አስታውቁ። ቴሌብር ከ2013 ወዲህ ሥራውን አቅልሎታል፣ ግን የስልክ ፎቶ ደረሰኝ አይደለም። የተጭበረበረ የክፍያ ምስል ማዘጋጀት የልጆች ጨዋታ ሆኗል፤ የግብይት ቁጥሩ በተቀባዩ ስልክ ላይ በገባው መልእክት ካልተመሳከረ ደረሰኝ አይቆረጥ።

በየወሩ መጨረሻ እሑድ አንድ ወረቀት ይለጠፋል። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ሦስት ክፍል። «ልዩ ልዩ» የሚባል መስመር አይኑረው፤ ሐሜት የሚፈለፈለው ከዚያ ነው። ለምስማር የወጣ ምስማር ተብሎ፣ ለሻይ የወጣ ሻይ ተብሎ ይጻፍ።

ቡናውና ጨረታው

የገቢ ማሰባሰቢያ ቀን ሲመረጥ የቀን መቁጠሪያው ከኮሚቴው በላይ ነው። መስከረም ደብተርና ዩኒፎርም ኪስ ያራቁታል። ሁዳዴ ጭፈራ አይፈቅድም፣ ረመዳንም እንዲሁ፤ ሁለቱንም ሳታዩ ቀን አትቁረጡ። ክረምት መንገዱም ጣሪያውም አይመችም። እህል ከገባ በኋላ ያለው ጥር ጥሩ ነው፣ ግን ሠርግ ይሻማችኋል፤ ከጥር መጨረሻ እስከ ሁዳዴ መግቢያ ያለችው ቀዳዳ ከሁሉ ትሻላለች። ወሩ ውስጥ ደግሞ ደሞዝ የወጣበት ሳምንት። የመንግሥት ሠራተኛ ወር በገባ በሃያኛው ቀን እንኳን ለኪነት፣ ለሱቅ ዱቤም መልስ የለውም።

«ቡና ጠጡ» ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ የሚከሸፈው በስሌት ጉድለት ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ክብደት ያጣል፣ 830 ግራም አካባቢ ይቀራል። ለአንድ ሲኒ 8 ግራም ብትሉ መቶ ሲኒ አቦል ነው። ለ150 ሰው ኪሎ ተኩል። ቶናውና በረካው ከዚያው አተላ ይወጣል። እስከዚህ ሁሉም ያስባል፤ የሚረሳው ጀበናው ነው። መካከለኛ ጀበና ዘጠኝ ሲኒ ከቀዳ ለአቦሉ ብቻ 17 ጀበና መፍላት አለበት፣ አንዱ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። በሦስት ጀበና ከጀመራችሁ የመጨረሻው እንግዳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቆ ነው የሚጠጣው፤ እስከዚያ ፈንዲሻውን ጨርሶ ሄዷል። ስድስት ጀበና፣ ስድስት ምድጃ፣ ስድስት የተለማመዱ እጆች። ካርዱን ቀደም ብላችሁ ሽጡ፣ በር ላይ አትሽጡ። ቀድሞ የገዛ ሰው ቢዘንብም ይመጣል፣ ባይመጣም ከፍሏል።

ጨረታ ሌላ ነገር ነው። ሁላችንም ከቤተ ክርስቲያን እናውቀዋለን። አጫራቹ ሥዕሉን ከራሱ በላይ ያነሣል፤ ከኋላ «አምስት ሺህ!» ይላል አንዱ። ጭብጨባ። የፊተኛው ወንበር ላይ ያለው ነጋዴ ሳይዞር ጣቱን ብቻ ያነሣል፣ ስድስት ይሆናል። እልህ ይገባል፣ እልልታ ይቀልጣል፣ አሸናፊው ብድግ ብሎ «መልሼ ለቤቱ ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ሥዕሉ እንደገና ይጫረታል። ቤቱ ሞቀ። በማግስቱ ሒሳብ ሹሙ ሱቁ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ የትናንቷ…» ሲል ጋሼ ዕቃ ሊያስመጡ ወጥተዋል።

መድኃኒቱ ገንዘብ ያዡን ከአጫራቹ ኋላ ማስከተል ነው። «ሄደ!» እንደተባለ ደረሰኙ እዚያው ይቆረጣል፣ ወይ በጥሬው ወይ በቴሌብር። በቃል የቀረውን ቀን አስቆርጣችሁ ጻፉት፣ በቃል የተገባውን ሁሉ ግን በግማሹ ብቻ አስቡት፤ በጭብጨባ ላይ ሲሚንቶ በዱቤ አታውጡ። አንዱን ዕቃ ከሦስት ጊዜ በላይ አታጫርቱ፣ ሰው ይሰለቻል። አንድ ቅር የሚለኝ ነገርም አለ፦ ሥዕሉን የሠራው ልጅ ሦስት ጊዜ ተጨብጭቦለት ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይሄዳል። የቀለሙና የአቡጀዲው ዋጋ ከመጀመሪያው ሽያጭ ላይ ቅድሚያ ለእሱ ይነሣለት። ባለሙያውን በነፃ የሚያሠራ ኪነት ቤት ለማን እንደተሠራ አይገባኝም።

ቶምቦላ ያማራችሁ እንደሆነ ደግሞ ዕጣ ማውጣት ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ትኬት አሳትሞ ከመበተን በፊት ጠይቁ፤ በግ እንኳ ቢሆን ዕጣው።

ውጭ ያሉ የከተማው ልጆች

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ሪያድ፣ ዱባይ ያለ የከተማው ልጅ ቴሌግራም ላይ ተሰባስቦ ይገኛል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ አትላኩ። ዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ደሞዟ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቆርቆሮ አንድም ብትይዝ ትልቅ ነው፣ በስም ዝርዝር ላይ «ያልከፈሉ» ተብላ መለጠፍ ግን ነውር ነው። አሜሪካ ያሉት ጎፈንድሚ መክፈት ይወዳሉ። ኢትዮጵያ ገንዘቡ ከሚወጣባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ገንዘቡ እዚያ ባለ ሰው የባንክ ሒሳብ ይገባል፤ ስለዚህ እዚያም ሁለት ሰው ተጠያቂ ይሁን፣ የተሰበሰበውና የተላከው በአንድ ወረቀት ላይ ይታይ። ገንዘቡ በባንክ ይምጣ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ጥያቄያችሁን በብር አትቁረጡ፣ በዕቃ ቁረጡ፦ «የጣሪያው ግማሽ»፣ «አራት ፓውዛ»። ብሩ ወርዶ ዕቃው ሲወደድ በብር የተገባ ቃል ግማሽ ጣሪያ ያደርስና ይቆማል።

ጭቃው

በብሎኬት ካልሆነ አንሠራም የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ያለው ዞማ ሙዚየም በጭቃና በጭድ ነው የተሠራው፤ ዓለም እየመጣ ያየዋል። ጭቃ ከተማው የሚያውቀው ሙያ ነው፣ በደቦ ይሠራል፣ ለድምፅም ከባዶ ብሎኬት ይሻላል። አፈሩን ግን ምረጡ። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቀይ አፈር ይሻላል። ከሦስት ከአራት ቦታ አፈር አምጡና ከእያንዳንዱ የዳቦ ያህል ጠፍጥፋችሁ ጥላ ሥር ሳምንት አድርቁ፤ ያልተሰነጠቀውን ውሰዱ። በስፍር ሦስት እጅ አፈር ለአንድ እጅ የጤፍ ጭድ፣ ከዚያ በውሃ ተረግጦ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይብላላ፤ በየሦስት ቀኑ ውሃ እየጠጣ ይረገጥ። ሳይብላላ የተመረገ ጭቃ ከእንጨቱ ላይ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ግድግዳው ሦስት ሜትር ከፍታ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ የበሩ፣ የመስኮቱና የእንጨቱ ቦታ ሲቀነስ ወደ 12 ሜትር ኩብ ጭቃ ይገባበታል። ይህ የአንድ ቅዳሜ ደቦ አይደለም፣ የአራት ነው።

ቋሚው የሚገባበት 60 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር፣ ከመሬት በታች የሚውለው ክፍል የተቃጠለ ዘይት ይጠጣ፤ ምስጥ ዘይቱን አይወድም። የድንጋዩ መሠረት ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የመጀመሪያው ምርጊት ይሰንጠቅ፣ አትደንግጡ፤ ሦስት ሳምንት ይድረቅና ቀጭኑ ልስን ስንጥቁን ይሞላዋል። እርጥብ ላይ እርጥብ የለሰነ ሰው ሁለቱንም ያወርዳል። በመጨረሻ ኖራ።

አሁን ለሥዕል ቤት ብቻ የሚሆን አንድ ነገር። ጭቃ ግድግዳ ምስማር አይዝም፤ ሥዕሉ ሦስተኛ ቀን ላይ ከነአፈሩ ይወርዳል። ስለዚህ ከምርጊቱ በፊት፣ ከወለል 2.20 ሜትር ከፍታ ላይ፣ 5 በ7 ሞራሌ ከቋሚዎቹ ጋር ዙሪያውን ይመታ፤ ልስኑ ሲያልቅ የሞራሌው ፊት ብቻ ይታይ። ሥዕሎች ሁሉ ከዚያ ላይ በሲባጎ ይንጠለጠላሉ፣ ግድግዳው አይነካም። ከእያንዳንዱ ሥዕል ኋላ በታችኛው ማዕዘኖች ሁለት የጠርሙስ ቡሽ ለጥፉ። ክረምት ላይ ግድግዳው ያልበዋል፤ ቡሹ አየር ያሳልፋል፣ ሸራው አይሻግትም።

ሸራ ውድ ነው፣ አቡጀዲ ይበቃል። ፍሬሙ ላይ ከመሃል ወደ ጫፍ እየወጠራችሁ ምቱት፣ ከዚያ አንድ እጅ ነጭ ኮላ በሁለት እጅ ውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት፤ ሲደርቅ ራሱ ይወጠራል። በላዩ ሁለት ጊዜ ስስ ነጭ የፕላስቲክ ቀለም፣ በመሃሉ ብርጭቆ ወረቀት። ኮላውን የዘለለ ሰው የዘይት ቀለሙ ጨርቁን ሰርስሮ ከኋላ ይወጣበታል፣ ነጩን ያወፈረ ሰው ደግሞ ሥዕሉን የጠቀለለ ቀን ይሰነጠቅበታል። ለልጆች ንድፍ የሲሚንቶ ከረጢት የውስጥ ወረቀት በቂ ነው። በነፃ ይገኛል፣ ከሰልም ጥሩ ይይዛል።

ድምፅና መብራት

ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ተዋናይ አይሰማም። ኮርኒስ ሳይሠራ ክረምት ላይ ቲያትር አትቁረጡ። አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ ማድረግ ርካሽ ነው፣ ለዝናብ ድምፅ ግን ብዙ አይፈይድም፤ በላዩ ላይ ሰሌን ከተደረበበት ልዩነቱ ይሰማል። ሰባ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ለንግግር ሞንታርቦ አያስፈልግም። ለሙዚቃ ካስፈለገ ከማይኩ ፊት ይቀመጥ፣ ከኋላው አይሁን። ማይክ የራሱን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ነው የሚያፏጨው፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ቴክኒሻኑ ይዞራል፣ ጥፋቱ ግን የቦታው ነው።

አራት ባለ 50 ዋት ፓውዛ 200 ዋት ነው፣ ሞንታርቦው ሺህ ቢወስድ ጠቅላላው 1,200። ባለ 2.5 ሽቦ ይችለዋል። የሚያጠፋችሁ ምጣዱ ነው። ለእንግዳ እንጀራ የምትጋግር እናት ምጣዷን እዚያው መስመር ላይ ትሰካለች፣ እሱ ብቻውን 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ጠቅላላ የሚችለውም ያንኑ ያህል ነው። ሟቹ ሊናዘዝ ሲል ቤቱ ይጨልማል። ለመድረኩ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር ይሁን፣ ሶኬቶቹም መድረኩ ዘንድ ብቻ ይተከሉ። ጀነሬተር ካላችሁ በጄሪካን ነዳጅ ለመቅዳት ደብዳቤ የሚጠየቅበት ጊዜ ስለሚበዛ ደብዳቤውን ከትርኢቱ ሳምንት በፊት አውጡ። ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ጭሱ ይገድላል። በሮቹ ሁለት ይሁኑ፣ ሁለቱም ወደ ውጭ ይከፈቱ።

ከምረቃው በኋላ

ሪባን ተቆርጦ ባለሥልጣኑ ከሄዱ በኋላ ያለው ዓመት ነው ቤቱን የሚገድለው። መብራት ይከፈላል፣ ዘበኛ ይከፈላል፣ መጥረጊያ ያልቃል። እዚህ ላይ እንደገና ወደ እድር። ሁለት መቶ አባወራ በወር ሃያ ብር ቢያዋጣ 4,000 ብር ነው፤ ከእድሩ መዋጮ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በተለየ ደረሰኝ ይሰብሰብ። ለዚያ የሚመለስለት ነገር ይኑር፦ ልጁ ቅዳሜ ሥዕል በነፃ ይማራል፣ በወር አንድ ጊዜ ለቤተሰቡ ትርኢት መግቢያ አለው፣ ለመልስና ለልደት አዳራሹን በግማሽ ዋጋ ያገኛል።

የመጨረሻው ግን ገደብ ይፈልጋል። ሠርግ ከሁሉ የተሻለ ይከፍላል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ይወስዳል፣ ቀስ ብሎ እሑድንም። የእግር ኳስ ማሳየት ደግሞ የባሰ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ገቢው ኮሚቴውን ያስፈነድቃል፣ በሦስተኛው ወር ልምምድ በጨዋታ ሰዓት ተሰርዟል፣ በዓመቱ ቤቱ «ዲኤስቲቪ ቤት» ተብሎ ይጠራል፤ ለቤት የተከፈለ ካርድ ለሕዝብ ማሳየትም ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ደንቡ ላይ ይጻፍ፦ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት የልምምድ ነው፣ ለማንም አይከራይም፣ ለሊቀ መንበሩ ልጅ ሠርግም ቢሆን።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ለቤቱ ይያዝ። የጣሪያ ምስማር የላላው ይመታ፣ ፍሳሹ የቆፈረው ይሞላ፣ ከመሠረቱ በላይ ያለው አንድ ክንድ ያህል ግድግዳ በጭቃና በእበት እንደገና ይለሰን፤ ዝናብ መሬት ነጥሮ የሚመታው እሱን ነው። ለዚህ የሚሆነው ጭቃ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ መረገጥ አለበት። ጭዱን ከጥር አውድማ ላይ አስቀምጡ፤ ግንቦት ላይ ዋጋው ሌላ ነው።